መንገድን በወርዱ መለካት፦ የቂርቆስና የካዛንቺስ ጎዳናዎች በፊዚክስ ዓይን

መግቢያ

አንድ መንገድ ተሠርቶ ሲመረቅ በአብዛኛው የሚነገረን ርዝመቱ ነው። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ተዘረጋ፣ ይህን ያህል ተሽከርካሪ ጎን ለጎን ያስኬዳል፣ የጉዞ ጊዜን በዚህን ያህል ደቂቃ ያሳጥራል ይባላል። እነዚህ ሁሉ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሚያልፍበት ሰው የሚጠቅሙ ልኬቶች ናቸው። በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሰው ግን መንገዱን የሚያውቀው በወርዱ ነው። ቤቱ በወዲህ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ የልጁ ትምህርት ቤትና የእድሩ ድንኳን በወዲያ ማዶ ይሆናሉ። የእርሱ የዕለት ተዕለት ጥያቄ «መንገዱን እንዴት እሻገረዋለሁ?» የሚል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ የወርድ ጥያቄ ነው። ጉዳዩ በተለምዶ ለከተማ ፕላን ባለሙያዎችና ለመንገድ መሐንዲሶች የሚተው ቢሆንም፣ ከሥሩ ያለው ነገር ፊዚክስ ነው፤ ያውም በአብዛኛው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምናስተምረው ፊዚክስ። ለምሳሌነት የመረጥነው የቂርቆስ ክፍለ ከተማን፣ በተለይም ካዛንቺስን ነው። ምክንያቱም በአዲስ አበባ መሃል የሚገኘው ይህ አካባቢ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በመንገድ ምክንያት እጅግ ከተለወጡት የከተማዋ ክፍሎች አንዱ ነው።

ካዛንቺስ ከየት ወዴት?

ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ለመንግሥት ሠራተኞች የመኖሪያ ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቅ የጣሊያን ድርጅት ነበር። «ካዜ ኢንቺስ» ማለት «የኢንቺስ ቤቶች» ማለት ሲሆን፣ ሕዝቡ በራሱ አነጋገር ካዛንቺስ አደረገው። በ1953 ዓ.ም. በአርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ የተነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በአቅራቢያው ተመርቆ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን መቀመጫ ሆነ። ከዚያ በኋላ ካዛንቺስ ዲፕሎማቱ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ጠላ ሻጯና የጫማ ጠጋኙ በጥቂት ሜትሮች ርቀት አብረው የሚኖሩበት ሰፈር ሆኖ ቆየ።

በ1990ዎቹ የሰፈሩ አንድ ክፍል ፈርሶ በቦታው ፎቆች ተሠሩ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ በሁለተኛው ምዕራፍ ካዛንቺስ ደረሰ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ። በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የመንገድ መብራትና አረንጓዴ ሥፍራ ተሠራ። ቀድሞ በጭቃና በተሰባበረ ጠርዝ ላይ እየተንገዳገደ ይሄድ ለነበረ እግረኛ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ሆኖም አንድ መንገድ ለኅብረተሰቡና ለተፈጥሮ አካባቢው የተስማማ ነው ለማለት ውበቱ ብቻ አይበቃም። የሚለካ ነገር ያስፈልገናል። የምንለካውም ፍጥነትን፣ የመሻገሪያ ጊዜን፣ ድምፅን፣ ውሃን፣ ሙቀትን፣ በመጨረሻም ጉርብትናን ነው።

ፍጥነት፦ የሁለት እጥፉ አራት እጥፍ

እንደሚታወቀው የአንድ ተንቀሳቃሽ አካል የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። ስለዚህ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር ሚኒባስ በ30 ከሚሄደው ሚኒባስ ጋር ሲነጻጸር ፍጥነቱ በሁለት እጥፍ ቢበልጥም የተሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ነው። ይህን ጉልበት ፍሬኑና ጎማው በሰበቃ ወደ ሙቀት መለወጥ ይኖርባቸዋል፤ ለዚህም አራት እጥፍ የሆነ የፍሬን ርቀት ያስፈልጋል።

በአሃዝ እንመልከተው። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይወስድበታል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ደግሞ መኪናው ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ7 ሜትር በሰከንድ መቀነስ ይችላል እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄደው (8.3 ሜትር በሰከንድ) ፍሬን ከመርገጡ በፊት 8 ሜትር ያህል፣ ከረገጠ በኋላ ደግሞ 5 ሜትር ያህል ሄዶ በጠቅላላው በ13 ሜትር ላይ ይቆማል። በሰዓት 60 የሚሄደው ግን (16.7 ሜትር በሰከንድ) ለመቆም 36 ሜትር ተኩል ያህል ይፈልጋል።

አሁን ከመኪናው 20 ሜትር ፊት ለፊት አንድ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ወደ መንገዱ ገባ ብለን እናስብ። በ30 የሚሄደው አሽከርካሪ ሕፃኑ ዘንድ ሳይደርስ 7 ሜትር ሲቀረው ይቆማል። በ60 የሚሄደው አሽከርካሪ ተመሳሳይ ንቃት፣ ተመሳሳይ ፍሬንና ተመሳሳይ ጎማ ቢኖረውም፣ ፍሬን የሚረግጠው ሕፃኑ ዘንድ ሊደርስ 3.3 ሜትር ብቻ ሲቀረው ነው። ስሌቱን የሠራ ተማሪ መኪናው ሕፃኑን የሚገጨው በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት መሆኑን ያገኛል። በክረምት አስፋልቱ ሲረጥብ ደግሞ ሁኔታው ይብሳል፤ የፍሬኑ አቅም ወደ 4 ሜትር በሰከንድ ካሬ ቢወርድ የሁለተኛው መኪና መቆሚያ ርቀት ከ50 ሜትር ያልፋል።

በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ስናስታውስ፣ ከላይ ያለው ስሌት የክፍል ውስጥ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል። ስለሆነም ሰው በሚኖርበት አካባቢ የሚያልፍ መንገድ ሲነደፍ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ተሽከርካሪዎች ምን ያህል ይፍጠኑ?» የሚለው ነው። የመስመሩ ስፋት፣ የማዕዘኑ ቅርጽና የመሻገሪያው ቦታ ከዚህ መልስ የሚወለዱ ናቸው።

ማዕዘንም ፖሊስ ይሆናል

ፍጥነትን በምልክት ብቻ ማዘዝ አይቻልም። ምልክቱ 30 እያለ መንገዱ ሰፊ፣ ቀጥ ያለና ማዕዘኑ የተለጠጠ ከሆነ፣ አሽከርካሪው የሚታዘዘው ለመንገዱ ነው። ይህንንም የክብ እንቅስቃሴ ሕግ ያስረዳናል። አንድ መኪና በማዕዘን ሲታጠፍ ወደ ጎን የሚሰማው መገፋት የፍጥነቱ ካሬ ለማዕዘኑ ሬዲየስ ሲካፈል ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። አሽከርካሪው ሳይጨነቅ የሚችለው 2.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ያህል ነው ብንል፣ ሬዲየሱ 20 ሜትር በሆነ ማዕዘን በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይታጠፋል። ሬዲየሱ 6 ሜትር ሲሆን ግን በ14 ኪሎ ሜትር ብቻ ይታጠፋል። ማዕዘኑን ማጥበብ ቀንም ሌሊትም የማይተኛ የትራፊክ ፖሊስ እንደማቆም ነው።

ለዚህ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚታወቅ ምሳሌ አለን። በ2009 ዓ.ም. ገደማ የለገሐር መገናኛ በቀለምና በቀላል መከለያዎች እንደገና ተቀርጾ ነበር። ተሽከርካሪዎች የማይፈልጉት ትርፍ አስፋልት ለእግረኛ ተሰጠ፤ ማዕዘኖቹ ጠበቡ፤ የመሻገሪያው ርቀት አጠረ። ለዚህ ቤት ማፍረስም ሆነ ድልድይ መሥራት አላስፈለገም። የተለወጠው ጂኦሜትሪው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በሰባተኛም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል።

ወርዱን መሻገር

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። እያንዳንዳቸው 3.5 ሜትር ስፋት ያላቸው ስድስት የተሽከርካሪ መስመሮች ያሉት መንገድ ወርዱ 21 ሜትር ይሆናል። በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ጤናማ ጎልማሳ በ17 ሰከንድ ተኩል ይሻገረዋል። ምርኩዝ ይዘው በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመዱ አዛውንት ግን 26 ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና 440 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሌላ አነጋገር እኚህ አዛውንት ለመሻገር ከመነሳታቸው በፊት በሁለቱም አቅጣጫ ወደ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ባዶ መንገድ ማየት ይኖርባቸዋል። ይህን ያህል ክፍተት በመሃል አዲስ አበባ በየትኛው ሰዓት ይገኛል? ለእርሳቸው ያ መንገድ ግንብ ነው ማለት ነው።

ሁለት ቀላል ለውጦች እናድርግ። በመንገዱ መካከል ቆሞ ማረፍ የሚቻልበት ደሴት እንሥራ፤ ፍጥነቱንም ወደ 30 እናውርድ። አሁን አዛውንቱ በአንድ ጊዜ የሚሻገሩት 10.5 ሜትር፣ የሚፈልጉትም 13 ሰከንድ ነው። የሚያስፈልጋቸው ክፍተት ከ440 ወደ 110 ሜትር ወረደ፤ ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ከእያንዳንዱ መስመር ላይ ግማሽ ሜትር ቀንሰን 3 ሜትር ብናደርገው ደግሞ ከስድስቱ መስመሮች 3 ሜትር እናተርፋለን። ይህም ለመሃሉ ደሴት፣ ለብስክሌት መስመር ወይም ለአንድ ረድፍ ዛፍ ይበቃል።

ብዙ ጊዜ እንደ መፍትሔ የሚቀርበው የእግረኛ ማቋረጫ ድልድይ ነው። በ1990ዎቹ በተገነባው የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ ግን ድልድይ እያለ ሰዎች የመሃሉን አጥር ዘለው ሲሻገሩ ማየት የተለመደ ነገር ሆኗል። ይህን ብዙዎች የሥርዓት ጉድለት ይሉታል። እኛ ግን ነገሩን ከብርሃን ባሕርይ ጋር ብናነጻጽረው የተሻለ እንረዳዋለን። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ ብርሃን ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ሲጓዝ አነስተኛ ጊዜ የሚወስደውን መንገድ እንደሚከተል አሳይቷል። እግረኛም ከዚህ እምብዛም አይለይም። ድልድዩ ከቆመበት 200 ሜትር ቢርቅ፣ ሄዶ ለመመለስ 400 ሜትር፣ ማለትም ከአምስት ደቂቃ ተኩል በላይ ይወስድበታል፤ የደረጃው መውጣትና መውረድ ሳይቆጠር። ቀጥታው መሻገሪያ ግን 17 ሰከንድ ተኩል ነበር። አሥራ ዘጠኝ እጥፍ ጊዜ የሚጠይቅ ንድፍ ሠርተን ሰው ሲዘል ብናየው፣ ጥፋቱን መጀመሪያ በንድፉ ላይ መፈለግ ይገባናል። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰውማ ደረጃ ያለው ድልድይ ጨርሶ መንገድ አይደለም።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመርም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጠናል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚወስደው ሐዲድ በሪቼ፣ በጠመንጃ ያዥና በላንቻ በኩል በመሬት ደረጃ በአጥር ታጥሮ ያልፋል። ባቡሩ በርዝመቱ ብዙ ሕዝብ ያጓጉዛል፤ በወርዱ ግን ቀድሞ በጥቂት እርምጃ ይገናኙ የነበሩ ሰፈሮችን ለይቷል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ጥሩ ንድፍ ሁለቱንም ይቆጥራል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማንሳት ተገቢ ነው። በመስከረም 2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በአጥር መታጠሩ ትክክል ነው፤ ሥራው ሁለት ከተሞችን ማገናኘት ነውና። ስሕተቱ የሚመጣው የዚያን መንገድ ባሕርይ አምጥተን በሰፈር መካከል ስንተክለው ነው።

ድምፅና አየር

መንገድ ከወርዱም አልፎ ወደ ቤት ይገባል፤ የሚገባውም በድምፅና በጭስ ነው። ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። መንገድ ግን ነጥብ ሳይሆን መስመር ነው፤ ተሽከርካሪዎች ሳያቋርጡ የሚፈስሱበት መንገድ ድምፁ ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ ከ10 ሜትር ወደ 80 ሜትር ብንሸሽ የምናተርፈው 9 ዴሲቤል ነው፤ ይህም ለጆሯችን ድምፁ በግማሽ ገደማ የቀነሰ ያህል ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የመንገድ ድምፅ በቀንና ሌሊት አማካይ ከ53፣ በሌሊት ደግሞ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። በትልቅ ጎዳና ዳር ይህን በርቀት ብቻ ማግኘት አይቻልም።

የተሽከርካሪዎችን ቁጥር በግማሽ መቀነስም የሚያስገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ፍጥነትን መቀነስ ግን ብዙ ያስገኛል፤ ምክንያቱም ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ በላይ የአንድ አውቶሞቢል ዋና ድምፅ የሚመጣው ከሞተሩ ሳይሆን ከጎማና ከአስፋልት ንክኪ ነው፤ እርሱም ከፍጥነት ጋር በኃይል ያድጋል። አንድ ረድፍ ዛፍ ድምፅ ያስቀራል የሚለው ልማዳዊ እምነትም መታረም አለበት፤ ዛፍ መኪናውን ከዓይናችን ቢሰውርም ድምፁን ለመቀነስ ብዙ ሜትሮች የሚወፍር ጥቅጥቅ ያለ ደን ያስፈልጋል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም አንዳንድ ጎዳናዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሽከርካሪ ነጻ በሆኑበት ዕለት በዚያ የተገኘ ሰው፣ በመሃል ከተማ የሰው ድምፅ ምን ያህል ርቆ እንደሚሰማ ሳያስተውል አልቀረም።

ስለ አየርም አንድ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። በአግባቡ ያልተስተካከለ አሮጌ ሞተር በዚህ ስስ አየር ውስጥ ነዳጁን አሟልቶ ለማቃጠል ይቸገራል፤ ጥቁር ጭሱም ይበዛል። መንገዱ በግራና በቀኝ በረጃጅም ፎቆች ሲታጠር ደግሞ እንደ ሸለቆ ይሆናል፤ ነፋሱ ከላይ ያልፋል፣ ጭሱ ከታች ይሽከረከራል። ስለዚህ ፎቆች በሚደረደሩበት ጎዳና በሕንፃዎች መካከል የነፋስ መግቢያ ክፍተት መተው የንድፉ አካል ሊሆን ይገባል።

ውሃ፦ አንድ ስንዝር ዝቅ ማለት

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው። ወርዱ በጠቅላላው 30 ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ ጎዳና 30,000 ሜትር ካሬ ስፋት አለው። በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ከባድ ዝናብ ቢወርድበት 900 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 900,000 ሊትር ውሃ ያርፍበታል። ቦታው ሣርና አፈር ቢሆን ኖሮ ሦስት አሥረኛ ያህሉ ቢፈስስ 270 ሜትር ኩብ ይሆን ነበር። አስፋልትና የተነጠፈ ድንጋይ ሲሆን ግን ዘጠኝ አሥረኛው፣ ማለትም 810 ሜትር ኩብ ይፈስሳል።

ይህ ውሃ የት ይሄዳል? ከካዛንቺስና ከአካባቢው ተዳፋት የሚወርደው ውሃ በፍልውሃ በኩል ወደሚያልፈው ባንተይቀጡና ወደ ቀበና ወንዞች ይገባል፤ እነርሱም ወደ አቃቂ፣ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ይወስዱታል። በመንገዱ ላይ የተጠራቀመው ዘይት፣ የጎማ ብናኝና ቆሻሻ አብሮ ይጓዛል። ጎርፉ የሚያጠቃው ደግሞ መንገዱ የተሠራለትን ሰው ሳይሆን ከታች በወንዙ ዳር የሚኖረውን ነው። ስለዚህ የላይኛው ሰፈር መንገድ ሲነደፍ የታችኛው ሰፈር ሰው በስሌቱ ውስጥ መኖር አለበት።

መፍትሔው ሁልጊዜ ትልቅ ቱቦ መቅበር አይደለም። በጎዳናው ግራና ቀኝ እያንዳንዳቸው 3 ሜትር ወርድ ያላቸው የአትክልት መስመሮች አሉ እንበል። በጠቅላላው 6,000 ሜትር ካሬ ይሆናሉ። እነዚህን መስመሮች ከአስፋልቱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ ዝቅ አድርገን ብንሠራቸውና በጠርዙ ድንጋይ ላይ የውሃ መግቢያ ክፍተት ብንተው መያዝ የሚችሉት 900 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ ልክ የዚያን ሰዓት ዝናብ ሁሉ። በመግቢያ በሮችና በመሻገሪያዎች ምክንያት ግማሹን ብናጣ እንኳ 450 ይቀረናል። ዛሬ በብዙ ጎዳናዎቻችን የምናየው ግን ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ፣ በጠርዝ ድንጋይ ተከብቦ፣ ውሃው ወደ መንገዱ የሚፈስስበት የአትክልት መደብ ነው። ያው አትክልት፣ ያው መሬት፣ ያው ወጪ ሆኖ ልዩነቱ ከፍ ማለትና ዝቅ ማለት ብቻ ነው። አፈሩ ዋልካ በሆነበት ቦታ ውሃ ቶሎ ስለማይሰርግ ከሥሩ የጠጠር ንጣፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ዛፉ በጥላው ብቻ አይደለም የሚያገለግለን። አንድ ሊትር ውሃ ለመትነን 2.45 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። አንድ ትልቅ ዛፍ በቀን 100 ሊትር ቢያተንን፣ በአሥራ ሁለቱ የቀን ሰዓታት በአማካይ ከ5,000 ዋት በላይ ሙቀት ከአካባቢው ይወስዳል። ጥቁር አስፋልት ግን የሚያርፍበትን የፀሐይ ብርሃን አብዛኛውን ውጦ ማታ መልሶ ይለቅቀዋል። እንግዲህ አንድ ነባር ዛፍ ቆርጦ በምትኩ ችግኝ መትከል ዕኩል ልውውጥ አይደለም፤ ችግኙ የዛፉን ሥራ ለመሥራት ብዙ ዓመታት ይፈልጋል።

ጉርብትና ይለካል?

በላቦራቶሪ መሣሪያ ባይሆንም ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1969 ዶናልድ አፕልያርድና ባልደረቦቹ በሳን ፍራንሲስኮ በሌላው ነገር የሚመሳሰሉ ሦስት ጎዳናዎችን አጥንተው ነበር። በቀን 2,000 ያህል ተሽከርካሪ በሚያልፍበት ጎዳና አንድ ነዋሪ በዚያው ጎዳና ላይ በአማካይ ሦስት ወዳጆችና ከስድስት በላይ የሚያውቃቸው ሰዎች ነበሩት። 16,000 ያህል በሚያልፍበት ጎዳና ግን ወዳጆቹ 0.9፣ የሚያውቃቸውም 3.1 ብቻ ሆነው ተገኙ። መንገዱ ማንንም ሳያፈናቅል ሰውን ከሰው ለይቷል።

ለእኛ ይህ አሃዝ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት እድርን ማሰብ ይበቃል። ጡሩንባ ሲነፋ የሚሰማበት፣ ድንኳንና ወንበር ተሸክሞ በእግር የሚደረስበት ርቀት የእድር ተፈጥሯዊ ወሰን ነው። እቁቡም፣ ቡናውም፣ ልጅ አደራ ማለቱም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ገንዘብ የማይከፈልበት አገልግሎት በማንኛውም የመንገድ ወጪ ሰነድ ላይ አይጻፍም፤ ሲጠፋ ግን ዋጋውን የሚከፍለው አቅመ ደካማው ነው።

መዛወር ሲመጣ ደግሞ ሌላ የሚቆጠር ነገር ይከተላል። በእግራቸው ወደ ሥራቸው ይሄዱ የነበሩ 1,000 ሰዎች ሥራቸው እዚያው መሃል ከተማ ቀርቶ መኖሪያቸው 15 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ በቀን የደርሶ መልስ ጉዟቸው 30,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል ብንል ይህ በየቀኑ 2,500 የሚኒባስ ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ቀድሞ ግን ዜሮ ነበር። ነዋሪውን አንስተን ያሰፋነው መንገድ፣ ያነሳነውን ነዋሪ በታክሲ አድርጎ መልሶ ይቀበለዋል። የአዲሱ ቤት ጥራት ከቀድሞው ቢሻል እንኳ ይህ ሒሳብ አይቀርም። ስለሆነም ነዋሪው እዚያው ወይም በእግር በሚደረስበት ርቀት እንዲሰፍር ማድረግ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትራፊክ ምሕንድስና ጉዳይም ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

የደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ሴኡል ቾንግጌቾን የተባለውን ወንዟን ሸፍና በላዩ ላይ ከፍ ያለ የፍጥነት መንገድ ሠርታ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ግን ያንን መንገድ አፍርሳ 5.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን ወንዝ መልሳ ከፈተችው። በበጋ በተደረገ ልኬት በወንዙ ዳር ያለው ሙቀት አጠገቡ ካለው ትይዩ ጎዳና ከ3.3 እስከ 5.9 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቀንሶ ተገኝቷል። ሴኡል ለስሕተቷ ሁለት ጊዜ ከፍላለች፤ አንድ ጊዜ ለመሥራት፣ አንድ ጊዜ ለማፍረስ። ባንተይቀጡና ቀበና ገና ከዓይናችን ያልተሰወሩልን እኛ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍለን መማር እንችላለን።

ማጠቃለያና መልመጃ

ከላይ የተመለከትነውን በአጭሩ ስናስቀምጠው፣ በሰው መካከል የሚያልፍ መንገድ ሲነደፍ አምስት ጥያቄዎች በአሃዝ መመለስ አለባቸው። አንደኛ፣ ተሽከርካሪው ሕፃን ሲገባበት መቆም በሚችልበት ፍጥነት ይሄዳልን? ሁለተኛ፣ አዛውንት በስንት ሰከንድ ይሻገሩታል? ሦስተኛ፣ በአቅራቢያው ባለው መኝታ ቤት በሌሊት ስንት ዴሲቤል ይሰማል? አራተኛ፣ የወረደበት ዝናብ ስንት እጁ እዚያው ይቀራል? አምስተኛ፣ ከመንገዱ በፊት በእግር ይገናኙ ከነበሩት ሰዎች ስንቶቹ ከመንገዱ በኋላም በእግር ይገናኛሉ?

ተማሪዎቻችን ይህን ጽሑፍ አንብበው እንዳያስቀምጡት አንድ መልመጃ እንሰጣለን። ሜትርና የእጅ ሰዓት ይዛችሁ ከኡራኤል እስከ ካዛንቺስ ወይም ከሪቼ እስከ ጠመንጃ ያዥ ሂዱ። የአስፋልቱን ወርድ በእርምጃ ገምቱ። በዜብራ ላይ የሚሻገሩ ሃያ ሰዎችን ጊዜ መዝግቡ፤ ከእነርሱም ቢያንስ አምስቱ አዛውንት ወይም ሕፃን የያዙ እናቶች ይሁኑ። ሁለት ምሰሶዎች መርጣችሁ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ካወቃችሁ በኋላ መኪናዎቹ የሚያልፉበትን ጊዜ ለክታችሁ ፍጥነታቸውን አስሉ። የአትክልቱ መደብ ከአስፋልቱ ከፍ ያለ ወይስ ዝቅ ያለ መሆኑን ጻፉ። ከዚያም በሁለቱ መሻገሪያዎች መካከል ያለውን ርቀት መዝግቡና እግረኛው ቀጥታ ከመሻገር ይልቅ ዞሮ ቢሄድ ስንት ደቂቃ እንደሚጨምርበት አስሉ።

ውጤቱን በሰንጠረዥ አድርጋችሁ ለምትኖሩበት ወረዳ ብትሰጡት፣ በአካባቢያችሁ የሚቀጥለው መንገድ በሚነደፍበት ጠረጴዛ ላይ ከርዝመቱ ጎን ወርዱም ይቀመጣል። ያንን አሃዝ በእናንተ ፈንታ የሚለካላችሁ ሰው ላይኖር ይችላልና ሜትሩን ዛሬውኑ አንሡ እንላለን።